ቅባት ጨብጥንና ቂጥኝን ያስቀራል?

ከአምስት ኪሎ ተነስቶ በአራት ኪሎ በኩል ፒያሳ እስኪደርስ ድረስ መንገደኛ ብዙ መድኃኒት ቤቶችን ያልፋል። በመደርደሪያቸው ላይ ከማይጠፉት መድኃኒቶች አንዷ ሕዝቡ «ቲቲሲ» የሚላት የቴትራሳይክሊን ቅባት ናት። ዋጋዋ ከብዙዎቹ መድኃኒቶች ይቀላል፤ ስሟንም የማያውቅ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ቅባቱ ባክቴሪያ የሚገድል ከሆነ፣ ጨብጥና ቂጥኝም በባክቴሪያ የሚመጡ ከሆነ፣ አንድ ወጣት «ከግንኙነት በፊት ወይም ወዲያው በኋላ ብቀባው ከበሽታው አያድነኝም?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። በደንብ የታሰበበት ጥያቄ ስለሆነ በደንብ የታሰበበት መልስ ይገባዋል።

መልሱን አስቀድሜ ልንገራችሁ። በዐዋቂ ሰው ብልት ላይ ተቀብቶ ጨብጥን፣ ክላሚዲያንና ቂጥኝን እንደሚከላከል የተረጋገጠ የአንቲባዮቲክ ቅባት የለም። ይሁን እንጂ ይኸው ቅባት አራስ ሕፃንን ከእናቱ በሚተላለፍ ጨብጥ ዓይኑ እንዳይጠፋ ያድነዋል። ሁለቱም እውነት ናቸው። አንድ መድኃኒት በአንዱ ቦታ ሠርቶ በሌላው ለምን እንደማይሠራ የገባው ሰው ስለ አባላዘር በሽታዎች ማወቅ ያለበትን ዋና ነገር አውቋል ማለት ነው። ስለዚህ አንድ በአንድ እንሂድ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛ፦ ስለ የትኞቹ በሽታዎች ነው የምንነጋገረው?

በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፉ በሽታዎች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። ኤች አይ ቪ፣ የብልት ሄርፒስ፣ ሄፓታይተስ ቢ እና ለማህፀን በር ካንሰር የሚዳርገው ኤች ፒ ቪ ቫይረሶች ናቸው። አንቲባዮቲክ ቢቀባም ቢዋጥም ቢወጋም ቫይረስን አይነካም። ስለዚህ ጥያቄያችን ገና ሲጀመር ከእነዚህ አንዱንም አይመለከትም።

የሚቀሩት ባክቴሪያ ወለዶቹ ናቸው። ጨብጥ አለ፤ ሽንት ሲሸኑ ያቃጥላል፣ መግል ያስወጣል። ክላሚዲያ አለ፤ ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት ሳያሳይ ይቀመጣል። ቂጥኝ አለ፤ በማያም ቁስል ጀምሮ ዓመታት ቆይቶ አንጎልንና ልብን ሊጎዳ ይችላል። የሚያም ቁስል የሚያወጣው ከርክርና ብሽሽትን የሚያሳብጠው ባምቡሌም ከዚሁ ወገን ናቸው። አምስቱም በተገቢው መድኃኒት ይድናሉ። የእኛ ጥያቄ ግን ስለ ማዳን አይደለም፤ ገና ሳይዙን በቅባት እናስቀራቸው ይሆን ወይ የሚል ነው።

ሁለተኛ፦ ቅባቱ በእውነት የሚሠራበት ቦታ

የካቲት 12 ሆስፒታል ከአምስት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ ሲወጡ ይገኛል። እዚያም ሆነ በማንኛውም የሀገራችን ጤና ጣቢያ እናት ስትገላገል ለአራሱ ከሚደረጉት መሠረታዊ እንክብካቤዎች አንዱ የዓይን ቅባት ነው። አዋላጇ ነርስ ሕፃኑን አድርቃ፣ አተነፋፈሱን አይታ፣ እትብቱን ቆርጣ፣ በእናቱ ደረት ላይ ካስተኛችው በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውስጥ አንድ በመቶ የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ታነሳለች። የታችኛውን ቆብ በጣቷ ለስለስ አድርጋ ወደ ታች ትስባለች። ከአፍንጫው በኩል ካለው የዓይን ጥግ ጀምራ ወደ ውጭ አንድ ሴንቲ ሜትር የምትሆን ቀጭን መስመር ቅባት ታስቀምጣለች። የቱቦው ጫፍ ዓይኑን እንዳይነካ ትጠነቀቃለች፤ ሌላውንም ዓይን እንዲሁ ታደርጋለች። ሥራው ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ጊዜ ይወስዳል።

ይህ የሚደረገው እናትየው ሳታውቀው ጨብጥ ኖሮባት ከሆነ ሕፃኑ በማህፀን በር ሲያልፍ ባክቴሪያው ዓይኑ ውስጥ ስለሚገባ ነው። ካልተከላከሉት ከሁለት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የሕፃኑ ዓይን ያብጣል፣ ብዙ መግል ይፈስበታል፤ በፍጥነት ካልታከመም የዓይኑ ብሌን ተበስቶ ብርሃኑ እስከ መጨረሻው ሊጠፋ ይችላል። ልብ በሉ፦ ይህ የአባላዘር በሽታ ነው፤ የሚያስቀረውም የሚቀባ መድኃኒት ነው።

አሠራሩን ለዓለም ያስተማረው የጀርመኑ ሐኪም ካርል ክሬዴ ነው። ላይፕሲግ ከተማ በሚገኘው የማዋለጃ ክሊኒኩ ከመቶ አራሶች አሥር የሚያህሉት በዚህ የዓይን በሽታ ይያዙ ነበር። በ1880 በእያንዳንዱ አራስ ዓይን ላይ የብር ናይትሬት ጠብታ ማድረግ ጀመረ፤ የተያዦቹም ቁጥር ከመቶ ከአንድ በታች ወረደ። የብር ናይትሬት ዓይን ስለሚቆጠቁጥ በኋላ በአንቲባዮቲክ ቅባት ተተካ። በ1988 ውጤቱ የታተመው የናይሮቢ ጥናት የቴትራሳይክሊን ቅባት የአራሶችን የጨብጥ ዓይን በሽታ በ93 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ፣ እንደኛዎቹ ባሉ እናቶችና ሕፃናት ላይ የተሠራ ጥናት ነው።

ሦስተኛ፦ እዚያ የሠራው ለምንድን ነው?

የትምህርቱ እምብርት እዚህ ላይ ነው። ቅባቱ በአራሱ ዓይን ላይ የተሳካለት ሦስት ሁኔታዎች አንድ ላይ ስለተሟሉለት ነው።

የመጀመሪያው ቦታው ነው። ዓይን ትንሽና ግልጽ ነው። ቆቡን ገለጥ ሲያደርጉት ባክቴሪያው የሚያርፍበት ስስ ልባስ በሙሉ ይታያል፤ ቅባቱም እያንዳንዱን ክፍል ያዳርሳል።

ሁለተኛው ጊዜው ነው። ሕፃኑ ለባክቴሪያው የሚጋለጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያም ጊዜ በትክክል ይታወቃል። መድኃኒቱ ወዲያው ይደርሳል፤ ሌላ መጋለጥም አይከተልም።

ሦስተኛው ጥልቀቱ ነው። ቅባቱ በሚደርስበት ሰዓት ባክቴሪያው ገና ላይ ላዩን ነው። ሥር አልሰደደም፣ ደም ውስጥ አልገባም።

ቦታ፣ ጊዜ፣ ጥልቀት፦ እነዚህን ሦስት ቃላት ያዙልኝ፤ አሁን የዐዋቂውን ገላ የምንመዝነው በእነሱ ነው።

አራተኛ፦ በዐዋቂ ሰው ላይ ሦስቱም ለምን ይጎድላሉ?

በቦታ እንጀምር። ብዙ ሰው በሽታው የሚይዘው በሚታየው የብልት ቆዳ በኩል ይመስለዋል። ጨብጥና ክላሚዲያ ግን የውጭውን ወፍራም ቆዳ አይፈልጉም። የሚይዙት ውስጥ ያለውን ስስ ልባስ ነው፤ በወንድ የሽንት ቧንቧን፣ በሴት የማህፀን በርን፣ እንደ ግንኙነቱ ዓይነትም ጉሮሮንና ፊንጢጣን። ላይ የተቀባ ቅባት እዚያ አይደርስም። ማህፀን በር ላይ የተቀመጠ ባክቴሪያ ውጭ ስለተቀባው ነገር ምንም አያውቅም። ጣሪያው የሚያፈስ ቤት ግድግዳውን ቢቀቡት ዝናቡ መግባቱን አይተውም፤ ነገሩ እንዲሁ ነው።

ወደ ጊዜው እንለፍ። ዐዋቂ ሰው መቼ እንደተጋለጠ በእርግጠኝነት አያውቅም። ክላሚዲያ ከያዛቸው ሴቶች አብዛኞቹ፣ ከወንዶቹም ብዙዎቹ፣ ምንም ምልክት የላቸውም። ጓደኛዬ ጤነኛ ናት፣ ወዳጄ ጤነኛ ነው ብሎ ያሰበ ሰው ቅባት ለመቀባት ምክንያት አይኖረውም። በዚያ ላይ መጋለጡ የአንድ ቀን ጉዳይ አይደለም፤ ግንኙነቱ እስከቀጠለ ድረስ ይደጋገማል። መድኃኒቱ ደግሞ ሥራውን ለመጨረስ ጊዜ ያስፈልገዋል። የቂጥኝ ባክቴሪያ አንዱ ሁለት ለመሆን ከአንድ ቀን በላይ ይፈጅበታል። ክላሚዲያ አንድ የመራባት ዑደቱን ለመጨረስ ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ይወስዳል። እንዲህ ቀስ ብለው የሚራቡ ባክቴሪያዎችን ለማጥፋት መድኃኒቱ ለቀናት ሳይቋረጥ በሰውነት ውስጥ መቆየት አለበት። በልብስ የሚጠረግ፣ በሽንትና በላብ የሚታጠብ ቅባት ለሰዓታት እንኳ አይቆይም።

ጥልቀቱ ደግሞ ከሁለቱም ይብሳል። ክላሚዲያ ሕዋስ ውስጥ ገብቶ የሚኖር ባክቴሪያ ነው፤ ከውጭ የተቀባ ነገር ሊያገኘው ይቸገራል። የቂጥኝ ባክቴሪያ የቡሽ መክፈቻ ሽቦ የመሰለ ጠመዝማዛ ቅርጽ አለው፤ በዓይን በማይታይ ጭረት ገብቶ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ወደ ንፍፊትና ወደ ደም ይሻገራል። ቁስሉ የሚታየው ግን በአማካይ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ቁስሉን መቀባት መንገደኛው ካለፈ በኋላ በር መዝጋት ይሆናል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን አንድ ነገር በደንብ ተመልከቱ። የመጀመሪያው የቂጥኝ ቁስል አያምም፤ ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥም ባይታከም እንኳ በራሱ ይደርቃል። በእነዚያ ሳምንታት ቅባት ሲቀባ የቆየ ሰው ቁስሉ ሲደርቅ ሲያይ «ቅባቱ አዳነኝ» ይላል፤ ለጓደኛውም ይመክራል። ባክቴሪያው ግን በደሙ ውስጥ ነው። ከሳምንታት በኋላ በመዳፉና በውስጥ እግሩ ሳይቀር ሽፍታ ሊወጣበት ይችላል፤ ያም በራሱ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ በሽታው ዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ይኖራል። በሽታው ያለባት ሴት ካረገዘችም ወደ ጽንሱ ይሻገራል፤ ውርጃን፣ ሞቶ መወለድን ወይም ታሞ መወለድን ያስከትላል። የቅባት ዝና ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፈው በዚህ የተሳሳተ ምስክርነት ነው።

አምስተኛ፦ ተሞክሮ ያውቃል ወይ?

አዎ፣ ከመቶ ዓመት በፊት ጀምሮ። በ1906 በፓሪስ የፓስተር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች የነበሩት ኤሊ ሜችኒኮፍና ኤሚል ሩ ከባዜቃ የሚሠራውን የካሎሜል ቅባት ለቂጥኝ መከላከያ ሞከሩት። ፈቃደኛ በሆነ አንድ የሕክምና ተማሪ ላይ የቂጥኝ ባክቴሪያ ካደረጉበት በኋላ አንድ ሰዓት ቆይተው ቅባቱን ቀቡት፤ ተማሪው አልታመመም። ከዚያ በኋላ የብዙ አገር ሠራዊቶች ለወታደሮቻቸው ቅባት ማደል ጀመሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ወታደሮች ከኪሳቸው የማይለዩት ትንሽ ቱቦ ካሎሜልና ሰልፋታያዞል የተባለ ፀረ ባክቴሪያ የተቀላቀሉበት ነበር።

ታዲያ ለምን ዛሬ የለም? በቤተ ሙከራው አንድ ሰው፣ አንድ ጭረት፣ አንድ የታወቀ ሰዓት ነበር፤ ሦስቱ ሁኔታዎቻችን ተሟልተው ነበር ማለት ነው። በሰው ኑሮ ውስጥ ግን እንዲያ አይገኙም። ወታደሩ ቅባቱን በሰዓቱ፣ በሙሉ፣ በትክክል መቀባት ነበረበት፤ ባዜቃውም ራሱ መርዝ ነው። በ1943 ፔኒሲሊን ቂጥኝን በእርግጥ እንደሚያድን ሲታወቅ ቅባቱ ቦታውን ለቀቀ።

ሁለተኛው ትልቅ ሙከራ የተደረገው ኖኖክሲኖል-9 በተባለ፣ ከግንኙነት በፊት ወደ ብልት በሚገባ ኬሚካል ነው። ኬሚካሉ የወንድ ዘር ሕዋስን ይገድላል፤ በቤተ ሙከራ ብርጭቆ ውስጥም የጨብጥንና የክላሚዲያን ባክቴሪያ ሲገድል ታይቷል። ተስፋው ትልቅ ነበር። በ1998 የታተመ፣ በካሜሩን ከ1,200 በላይ ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት ግን ኬሚካሉ ጨብጥንም ክላሚዲያንም ኤች አይ ቪንም እንዳልቀነሰ አሳየ። ቀጥሎ በቤኒን፣ በኮትዲቯር፣ በደቡብ አፍሪካና በታይላንድ የተደረገው ጥናት ደግሞ የባሰ ነገር አመጣ፦ ኬሚካሉን የተጠቀሙት ሴቶች በኤች አይ ቪ የመያዛቸው መጠን ካልተጠቀሙት በልጦ ተገኘ። ምክንያቱ ኬሚካሉ ስሱን ልባስ እያቆሰለ ለቫይረሱ በር ስለሚከፍት ነው።

ከዚህ የምንይዘው ቁም ነገር አንድ ነው። ብርጭቆ ውስጥ ባክቴሪያ የሚገድል ነገር ሁሉ ሰው ላይ በሽታ አይከላከልም፤ አንዳንዱ እንዲያውም በሽታ ይጋብዛል።

ስድስተኛ፦ ትራኮማ ምን ያስተምረናል?

ይህን ጉዳይ በሌላ ዓይን የምናይበት ምሳሌ በአማራ ክልል አለን። ዓይን የሚያጠፋው ትራኮማ የሚመጣው ክላሚዲያ ትራኮማቲስ ከተባለ ባክቴሪያ ነው። የብልት ክላሚዲያና ባምቡሌም የሚመጡት ከዚሁ ባክቴሪያ ነው፤ ዝርያቸው ብቻ ይለያያል። ትራኮማ ግን በግንኙነት አይተላለፍም፤ በዝንብ፣ በእጅና በጨርቅ ነው የሚዛመተው።

ትራኮማን በቲቲሲ ቅባት ማከም ይቻላል። ነገር ግን በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለስድስት ሳምንት ሳይቋረጥ መቀባት አለበት። በሥራ የተወጠረች እናት ስድስት ሳምንት ሙሉ በልጆቿ ዓይን ላይ ቅባት ስታደርግ አስቡት። አንድ ጊዜ ብቻ የሚወሰደው አዚትሮማይሲን ያንኑ ሥራ ይሠራል። ስለዚህም በክልሉ በየመንደሩ በዘመቻ የሚታደለው የሚዋጠው ነው፤ ቅባቱ የቀረው በዋናነት ከስድስት ወር በታች ላሉ ሕፃናት ነው። ዓይን የመሰለ ግልጽ ቦታ ላይ እንኳ ባክቴሪያው አንዴ ሕዋስ ውስጥ ከገባ ቅባት እንዲህ ይደክማል። የተሰወረ ቦታ ላይማ ምን ያህል እንደሚደክም መገመት አያዳግትም።

ከትራኮማ ዘመቻ ሁለተኛ ትምህርትም አለ። በምሥራቅ ጎጃም ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ተመራማሪዎች አዚትሮማይሲን በዓመት አራት ጊዜ በታደለባቸው ቀበሌዎች የልጆችን አፍንጫና ጉሮሮ መረመሩ። የሳንባ ምች ከሚያመጡት አንዱ የሆነው ባክቴሪያ መድኃኒቱን የመቋቋም መጠኑ ከእደላው በፊት 4 በመቶ ገደማ ነበር፤ በዓመቱ መጨረሻ ወደ 47 በመቶ ደረሰ። መድኃኒቱ ባልታደለባቸው ቀበሌዎች 9 በመቶ ገደማ ነበር። እደላው ሲቆም ደግሞ መጠኑ ወርዷል። ዘመቻው ዓይን ለማዳን ተገቢ ነው፤ የሚመራውም በባለሙያ፣ በክትትልና በጥናት ነው። አንቲባዮቲክን ለመከላከያ ማደል ግን ዋጋ እንዳለው ይህ ቁጥር ያሳየናል። በጥናት የሚመራ ዘመቻ ይህን ያህል ከቀየረ፣ እያንዳንዱ ሰው በየቤቱ በራሱ ፈቃድ የሚቀባውና የሚውጠው ምን ሊያደርግ እንደሚችል አስቡ።

ጨብጥ በዚህ ረገድ የከፋ ታሪክ አለው። በ1930ዎቹ ሰልፋ አዳነው፤ ተላመደው። ፔኒሲሊን አዳነው፤ ተላመደው። ቴትራሳይክሊንን ተላመደ፣ ሲፕሮፍሎክሳሲንን ተላመደ። ዛሬ በእርግጠኝነት የምንተማመንበት በመርፌ የሚሰጠው ሴፍትሪያክሶን ነው፤ እሱንም የተቋቋሙ ዝርያዎች በተለያዩ አገሮች ታይተዋል። ያልተመጠነ ቅባት ባክቴሪያውን ሳይገድል ያስለምደዋል።

ሰባተኛ፦ የሚዋጠው ዶክሲሳይክሊንስ?

ጠንቃቃ አንባቢ እዚህ ላይ «ቅባቱ ባይሆን ክኒኑ ይከላከላል ሲባል ሰምቻለሁ» ይል ይሆናል። ልክ ነው፤ ክኒኑ ወደ ደም ስለሚገባ የቦታና የጥልቀት ችግራችንን ይፈታል። በ2023 ሳን ፍራንሲስኮና ሲያትል ውስጥ የተደረገ ጥናት ውጤት ታትሟል። ከወንዶች ጋር ግንኙነት ያላቸው ወንዶችና ትራንስጀንደር ሴቶች ግንኙነት ካደረጉ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ 200 ሚሊግራም ዶክሲሳይክሊን ሲወስዱ ቂጥኝ፣ ክላሚዲያና ጨብጥ ተደምረው በሁለት ሦስተኛ ገደማ ቀንሰዋል። ከሦስቱ በትንሹ የቀነሰው ጨብጥ ነው። የአሜሪካ የበሽታ ቁጥጥር ማዕከልም በ2024 ለተወሰኑ ከፍተኛ ተጋላጮች፣ ከሐኪም ጋር ተነጋግረው፣ በየጊዜው እየተመረመሩ እንዲሰጣቸው መመሪያ አወጣ።

ኬንያ ኪሱሙ ውስጥ በ449 ወጣት ሴቶች ላይ የተሠራው ተመሳሳይ ጥናት ግን ልዩነት አላሳየም። ተመራማሪዎቹ የሴቶቹን ፀጉር ሲመረምሩ በአብዛኞቹ ናሙናዎች ላይ መድኃኒቱ አልተገኘም፤ ክኒኑን ወስደዋል ተብሎ ቢታሰብም በርካቶቹ አልወሰዱትም ነበር። ጨብጡም በዚያ አካባቢ ዶክሲሳይክሊን የሚመደብበትን የቴትራሳይክሊን ወገን በስፋት የተላመደ ነበር። ስለዚህ ክኒኑ ለሁሉም ሰው በየመንገዱ የሚመከር አይደለም። ነፍሰ ጡር ደግሞ ሐኪም ሳያዝላት ዶክሲሳይክሊን መውሰድ የለባትም።

ስምንተኛ፦ ቅባቱ ባይጠቅምስ ምን ይጎዳል?

«ባይጠቅም አይጎዳ» የሚል ካለ አራት ጉዳቶችን ልንገረው።

አንደኛው ኮንዶምን ያበላሻል። አብዛኛው የመድኃኒት ቅባት፣ የቲቲሲ የዓይን ቅባትም ጭምር፣ በቫዝሊንና በመሰል የዘይት ዘር የተበጀ ነው። ዘይት ደግሞ የላቴክስ ኮንዶምን በደቂቃዎች ውስጥ ያዳክመዋል፤ በአገልግሎት ላይ ሳለ ይቀደዳል። ለጥንቃቄ ብሎ ሁለቱን አንድ ላይ የተጠቀመ ሰው የሚሠራውን በማይሠራው አጠፋው ማለት ነው። ማለስለሻ ካስፈለገ በውኃ የተሠራውን መጠቀም ይገባል።

ሁለተኛው ምርመራን ያዘገያል። መግሉ ለጥቂት ቀን ቀነስ ሲል ሰውየው ዳንኩ ብሎ ይቀመጣል፤ በሽታው ግን ወደ ዘር ቧንቧና ወደ ማህፀን ይወጣል። ብዙ መካንነት የሚጀምረው ከእንዲህ ያለ መዘግየት ነው።

ሦስተኛው የሴትን ብልት ጤና ያዛባል። በሴት ብልት ውስጥ አሲድ እያመነጩ ጎጂ ባክቴሪያዎችን የሚከላከሉ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አሉ። አንቲባዮቲክ እነሱንም ሊገድላቸው ስለሚችል ፈንገስና ሌላ ፈሳሽ ይከተላል።

አራተኛው በውስጡ ስቴሮይድ የተቀላቀለበት ቅባት ነው። ከመድኃኒት ቤት «ለማሳከክ» ተብለው ከሚገዙት መካከል አንቲባዮቲክ፣ ፀረ ፈንገስና ስቴሮይድ በአንድ ቱቦ የያዙ አሉ። ስቴሮይድ ማሳከኩንና መቅላቱን በፍጥነት ያበርዳል፤ የአካባቢውንም የመከላከል ኃይል ያዳክማል፣ ቆዳውንም ያሳሳል። ምልክቱ ሲጠፋ በሽታው የጠፋ ይመስላል።

ዘጠነኛ፦ ታዲያ ምን እናድርግ?

ኮንዶምን በትክክልና ሁልጊዜ መጠቀም አሁንም ዋናው መከላከያ ነው። በእያንዳንዱ ግንኙነት፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አዲስ ኮንዶም። ጨብጥንና ክላሚዲያን በደንብ ይከላከላል፤ ቂጥኝንም ቁስሉ ኮንዶሙ በሚሸፍነው ቦታ ከሆነ ያስቀራል። አንድ ለአንድ ተወስኖ፣ ሁለቱም አስቀድመው ተመርምረው፣ ተማምኖ መኖርም ጽኑ መከላከያ ነው።

ፈሳሽ፣ ቁስል፣ የብሽሽት እብጠት ወይም ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል ያየ ሰው ቅባት ፍለጋ መድኃኒት ቤት ከመግባቱ በፊት ጤና ጣቢያ ይሂድ። የሀገራችን የአባላዘር በሽታ ሕክምና መመሪያ በምልክት ላይ የተመሠረተ ነው፤ ውድ ምርመራ እስኪደርስ ሳይጠበቅ ባለሙያው ምልክቱን አይቶ ሊያመጡት የሚችሉትን በሽታዎች በአንድ ላይ ያክማል። ጀማሪ ቂጥኝ በአንድ ቀን በሚሰጥ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ይድናል። ቁስሉን ለሳምንታት በከንቱ ከመቀባት አንድ ቀን መወጋት ይሻላል።

ባለትዳርም ሆነ ጓደኛ አብሮ ይታከም። አንዱ ታክሞ ሌላው ካልታከመ በሽታው ተመልሶ ይመጣል። ነገሩ የሚያሳፍር ቢመስልም ዝምታው የሚያመጣው ጉዳት ከሐፍረቱ ይበልጣል፤ የጤና ባለሙያውም ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት።

ነፍሰ ጡር እናት በመጀመሪያ ክትትሏ የኤች አይ ቪ፣ የቂጥኝና የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ታድርግ፤ በጤና ተቋምም ትውለድ። ልጇ ሲወለድ የዓይን ቅባቱ መደረጉን ጠይቃ ታረጋግጥ። ይህ መብቷ ነው።

ተገዳ የተደፈረች ወይም የተደፈረ ሰው ሳይውል ሳያድር ጤና ተቋም ይድረስ። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው፤ የባክቴሪያ አባላዘር መከላከያውም አብሮ ይሰጣል። በአዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውንና የሕግ ድጋፉን በአንድ ቦታ የሚሰጥ ክፍል አለው።

እንግዲህ የጥያቄያችንን መልስ እንጠቅልል። ቅባት የሚከላከለው ቦታው ግልጽ፣ ሰዓቱ የታወቀ፣ ባክቴሪያውም ገና ላይ ላዩን ሲሆን ነው። ሦስቱ የሚሟሉት በአራስ ሕፃን ዓይን ላይ ነው፤ በዐዋቂ ሰው ገላ ላይ አይሟሉም። በአምስት ኪሎ ግቢ የምትማሩ፣ በፒያሳ የምትሠሩ፣ በአራዳ የምትኖሩ ወጣቶች ሆይ፣ ቲቲሲን ለተሠራችለት ለዓይን ተዉአት። ራሳችሁን በኮንዶምና በምርመራ ጠብቁ፤ ምልክት ስታዩ ሳትሸማቀቁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ይህን ያወቃችሁትንም ላላወቀው ጓደኛችሁ ንገሩት።